ከመታጠፊያው ላይ ስለጠፋው ፎቶግራፍ

ለተከበሩ የተራራው ባቡር መስመር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ከድንጋዩ ድልድይ በላይ ባለው መታጠፊያ ቆሜ የጭነት ባቡር ፎቶ አነሳለሁ። የሰው ባቡር አጭር ስለሆነ አያጓጓኝም፤ የጭነቱ ግን እዚያ ሲጠመዘዝ ራሱና ጅራቱ ባንድ ላይ ይታያሉ።

የባለቤቴ ወንድም ዕድሜውን ሙሉ ያንን ባቡር ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ወር ጡረታ ወጣ። ከመጨረሻ ጉዞው በፊት አንድ ነገር ለመነኝ፦ «መምህር፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስጎትተው አንድም ቀን ከውጭ ሆኜ አላየሁትም፤ እስቲ እኔንም እሱንም ባንድ ላይ አሳየኝ።» በዕለቱ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ ፉርጎዎቹ ዞሮ ሲያይ አነሳሁት። ስለዚሁ ፎቶ መሥሪያ ቤትዎ ላደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. የመታጠፊያው ጥበቃ «ፋዘር፣ ክልክል ነው፤ አጥፋው» ብሎ፣ ጣቴን በዓይኑ እየተከታተለ አስጠፍቶኛል። ሲሚንቶ የጫነ ፉርጎ ምስጢር መሆኑን ሳላስተምር ጡረታ መውጣቴ ይቆጨኛል። ይኸው መታጠፊያ በቲኬትዎ ጀርባ ላይ ታትሞ ስለሚሸጥ፣ ምስጢሩን ለተሳፋሪው ሁሉ በማደልዎ ድፍረትዎን አደንቃለሁ።

፪. ባቡሩ ረጅም ነውና ገና አልፎ አላለቀም ነበር፤ ያው ጥበቃ የገዛ ስልኩን አቀበለኝና ከጅራቱ ጋር እንዳነሳው አዘዘኝ፣ «እግሬን እንዳትቆርጠው!» እያለ። ዓይኑን ስለጨፈነ ደገምኩለት፤ ስሕተት አይቶ ማለፍ አልችልበትም።

፫. ክልከላውን የሚናገረው ሰሌዳ ግዙፍነቱ ያኮራል። ለጥበቃዎቹ መጸዳጃ ቤት ስላልሠሩላቸው ከጀርባው ይሸናሉ፤ በዚህም ምክንያት ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ወደዚያ መጠጋት ክልክል መሆኑን በአፍንጫው ይረዳል።

፬. አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ፎቶው መጥፋት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ለመወሰን ፎቶውን አያይዤ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ይህን ነጥብ ላብራራው ብዙ ለፋሁ፤ አልሆነልኝም።

የባለቤቴ ወንድም በየእሑዱ እየመጣ «አልታተመም እንዴ?» ይለኛል፤ ሚስቱ ለፍሬሙ ግድግዳው ላይ ምስማር መትታ ትጠብቃለች። እኔም «ገና ነው» እላለሁ። ውሸት ሳልለምድ ያረጀሁ ሰው ነበርኩ፤ ይህን ሙያ በስተርጅና ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

የምጠይቀው ካሳም ይቅርታም አይደለም። ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ከነጂው አጠገብ ተቀምጦ መታጠፊያውን ይለፍ፤ እኔም በቦታዬ ልቁም። ጥበቃው ያን ቀን ስልኩን ይዞ ቢመጣ ቅድሚያ እሰጠዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ባንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ፣ በሌላው በአክብሮት እጅ እየነሳሁ፣

ቲኬቱን ቆርጦ የሚሳፈር ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ በጣቢያው በር ላይ «የመስመራችን ውበት» የተባለ የፎቶ ውድድር ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። አሸናፊው ከእርስዎ ጋር ፎቶ ይነሣል ይላል። ያንን ፎቶ ያለ ማንም ትእዛዝ በገዛ ጣቴ ስለማጠፋው፣ ከወዲሁ እንዳልወዳደር ወስኛለሁ።