የአሆርን ቱቦዎች

ዙሪክ፣ መጋቢት 1999

ይድረስ ለእታለም ለተማርያም፤

አንቺ፣ እናታችንና ልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ብርዱ ቢጠናም ደህና ነኝ።

አሆርን ከሚባለው ዛፍ ጣፋጭ ፈሳሽ የምንቀዳበት ወቅት አለቀ። ሰሞኑን ፈሳሹ የሚወርድባቸውን ቱቦዎች በሙቅ ውሃ ሳጥብ ሰነበትኩ። ጣፋጩ ውስጣቸው ከቀረ አይጥ ይሸተውና ይቆረጥማቸዋል፤ ስለዚህ አድርቄ ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ በሽቦ አንጠለጠልኳቸው። የትኛው ቱቦ የየትኛው ዛፍ እንደሆነም በእያንዳንዱ ላይ ጻፍኩ።

አሰሪዬ ሽማግሌው ኩንትስ፣ «አንተ በቃልህ ታውቀው የለም እንዴ? ለማን ነው የምትጽፈው?» አለኝ። መጻፌን ስቀጥል፣ ቱቦዎቹን ራሱ እየያዘ አስጻፈኝ።

ከምርጫው በኋላ ስለ እኔ ይጠይቅ የነበረው ሰውዬ አሁንም እቤት ይመጣል?

እናታችን የምትፈትልልኝን ጋቢ ሲያልቅ አትላኩት። እዚያው ይቆየኝ።

እግዜር በደህና ቀን ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ ዋሲሁን