ባለቤቴን በሁለት ከረጢት ዱቄት ለለወጠልኝ መሥሪያ ቤት

ለተሽከርካሪዎች ምርመራና ፈቃድ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ጤንነት፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤንነት፣ እንዲሁም በየመስኮቱ ኋላ ተቀምጠው ሲያገለግሉን የሚውሉት የሠራተኞችዎ ወገብና ትከሻ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። እንዲያውም መሥሪያ ቤትዎ በዋለልኝ ውለታ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ከሰነበትኩ በኋላ፣ ደስታው እያደር ስለከበደኝ፣ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲሰማው በአደባባይ ልጽፍልዎ ተነሥቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከራሴ ልጀምር። እኔ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ከወፍጮ ቤት ዱቄት እየጫንኩ ለዳቦ ቤቶች የማደርስ ሴት ነኝ። መኪናዋን ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረው ባለቤቴ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መሥሪያ ቤትዎ መንጃ ፈቃዱን አላድስም አለው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያለውን ትልቁን ፊደል ስቶ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰሌዳው የቱ ጋ እንደሆነ የጠየቀ ሰው መሪ ይያዝ ብዬ አልሟገትም። መሪውን እኔ ያዝኩ፣ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እንዲህ ሆነን ዓመታት ሠራን። ባያይም መንገዱን በሆዱ ያውቀዋል። ገና ኩርባው ሳይደርስ እጁን ወደ በሩ እጀታ ይሰዳል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ የእኔን እግር ስለማያምን በእሱ በኩል ያለውን ወለል በቀኝ እግሩ እየረገጠ ፍሬን ይይዝልኛል፤ አልፎም "ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴት፣ የጫንሽው ዱቄት ነው፣ ምጥ የያዛት ሴት አይደለም" ይለኛል። የዳቦ ቤት ሰዎች ስሙን ትተው "አባ ቀስ በይ" ነው የሚሉት።

ወደ ውለታችሁ ልመለስ። አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ዱቄቱን በየማለዳው በአንድ ምልልስ ካደረስሽልኝ ደንበኛዬ ነሽ አለኝ። መኪናዬ በሕግ የተፈቀደላት ጭነት ለዚያ አይበቃም ነበር። ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ደራርቤ ጭኜ በጓሮ መንገድ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝና አቅሟን በወግ አሳድጉልኝ ብዬ ወደ እናንተ መጣሁ። ለተደረገልኝም ሁሉ በቅደም ተከተል አመሰግናለሁ።

፩ኛ. የኋላውን ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች፣ በወፍራም አስቀይሪ፣ ጎማዎቹንም ክብደት በሚችሉ ለውጪ፣ ከመሐንዲስም የምስክር ወረቀት አምጪ ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ሁሉንም አደረግሁ። ወረቀቱን ሳመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ፤ ማኅተሙን ሳስደምቅ ፊርማውን ነክቷል ተባልኩ፤ ሁለቱ ተለያይተው ሲመጡ ደግሞ ማኅተም የሚያየው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በዚህ ሰበብ ከበር ጥበቃችሁ ጋር እስከ መዛመድ ደርሰናል፤ የልጅ ልጁ ጥርስ ማብቀሏን ከአባቷ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

፪ኛ. ይህ ሁሉ ሆኖ የመኪናዋ ጭነት ከፍ ቢልም ዳቦ ቤቱ ከሚፈልገው በሁለት ከረጢት አነሰ። ይህን ጊዜ መስኮት ሦስት ላይ ያለው ትሑት ወጣት አዝኖልኝ "ማዘር፣ አይጨነቁ፣ እዚያው ሕጉ ውስጥ መፍትሔ አለ" አለኝ። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ መኪናዋ ከነጭነቷና ከነሰዎቿ ተደምራ ከተወሰነላት ክብደት ማለፍ የለባትም፤ ስለዚህ ከሰው የተቀነሰው ለጭነት ይሆናል። የጎኑ ወንበር ተነቅሎ "ሁለት ሰው" የሚለው "አንድ ሰው" ተብሎ ቢመዘገብ፣ ወንበሩና የሚቀመጥበት ሰው ተደምረው ልክ ሁለት ከረጢት ዱቄት ይመጣሉ። ወጣቱን ስለ ስሌቱ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከባለቤቴ ጋር ስኖር በዱቄት ስንት እንደሚሆን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

፫ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናው እናንተን አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። እናንተ ወንበሩ ይነቀል አላችሁ እንጂ ጮቤ ርገጪ አላላችሁኝም፤ ጮቤ የረገጥኩት በገዛ እግሬ ነው። ቤት ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ ስነግረው "እኔን ስንት ከረጢት አሉኝ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ከነወንበርህ ሁለት ነህ ስለው "እኔ ብቻዬንማ አንድ ተኩል አልሞላም፣ አጭበርብረሻቸዋል" ብሎ አሳቀኝ። በማግስቱ መካኒኩ መጥቶ ብሎኖቹን ሲፈታ ባለቤቴ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ መፍቻዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ያቀብለው ነበር፤ "የበሩ በኩል ያለው ዝጓል፤ ዘይት ጠብ አድርግበትና ታገሠው፣ ጉልበት አይወድም" እያለ የራሱን ወንበር በራሱ ምክር አስነቀለ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሮ "ዱቄት እንደሆነ አያወራ፣ ተገላገልሽ" አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎን፣ እስቲ ጆሮዬ ይረፍ" አልኩት። ክቡር ሆይ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መስኮት ሦስት እዚያ አልነበረም።

የባሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እውነትም ጆሮዬ ማረፉ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ቁልቁለቱን እንደ ልቤ ወረድኩት፤ የሚቆጣኝ አልነበረም። በጎኔ የብሎን ቀዳዳዎችና እሱ ፍሬን ሲይዝልኝ በተረከዙ የበሳው ምንጣፍ ብቻ ቀርተዋል። ቦርሳዬን እዚያ ወለሉ ላይ አስቀምጫት በየኩርባው ከወዲያ ወዲህ ስትንሸራተት ዋለች። የአንዱ ነባር ዳቦ ቤት ሻጭ "አባ ቀስ በይ አመመው እንዴ?" ስትለኝ "የለም፣ በሕግ ቀንሰነው ነው" ብዬ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችልኝም።

ባለቤቴ የተነቀለውን ወንበር ጣሉት አላለም፤ ግቢ ውስጥ ከግድግዳው አስጠግቶ አኖረው። በየጠዋቱ እንደ ድሮው ጃኬቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ እስከ መኪናዋ ይሸኘኝ ጀመር፤ ስመለስ ደግሞ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን "ከመጋዘኑ ፊት ያለው ጉድጓድ ተደፈነ ወይ?" ሲለኝ፣ ደክሞኝ ስለነበር ሳላስተውለው ያለፍኩትን መንገድ "ተደፍኗል" አልኩት። "ታዲያ በግራ በኩል ምን ገባሽበት፣ ስትመጪ መኪናዋ እያቃሰተች ነበር" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የሰፈራችንን መግቢያ ሌላ መኪና ዘግቶት ስለነበር የእኔን ዳር አስይዤ በእግሬ ገባሁ፤ በዚህ ምክንያት መምጣቴን አልሰማም። ባለቤቴ ግድግዳው ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ሰዓት እኔ መሆን የሚገባኝ ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። እጁን ወደ ጎን ሰደደና ምንም በሌለበት አየር ላይ እጀታ ያዘ፤ ወገቡን እንደ ኩርባው አዘነበለ፤ ቀጥሎ ቀኝ እግሩን መሬቱ ላይ ረገጠና "ቀስ በይ" ሲል በለሆሳስ ሰማሁት። እኔ በሬዲዮ ታጅቤ በምሄድበት መንገድ እሱ በየቀኑ አብሮኝ ሲሄድ ኖሯል። ስልኬን ሳልወስድ ወጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስለ ሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ፤ ቁጥሩ ስለተምታታብኝ ይህን አራተኛ በሉልኝ። ሁለቱን ከረጢት መልሳችሁ ውሰዱና የባለቤቴን መቀመጫ ስጡኝ ብዬ አመለከትኩ። ያው ወጣት እንደ ልማዱ ትሑት ሆኖ "ማዘር፣ ሰው ቀንሶ ጭነት መጨመር አሠራር አለው፤ ጭነት ቀንሶ ሰው መጨመር ግን የጠየቀን ስለሌለ አሠራሩ አልወጣለትም" አለኝ። ሆኖም ሰው መጨመር እንደ ሕዝብ ማመላለሻ ሊታይ ስለሚችል፣ የመስመር ታፔላ፣ የእሳት ማጥፊያና የተሳፋሪ መድን አሟልቼ ብመጣ ጉዳዬ ተስፋ እንዳለው አስረዳኝ። ባለቤቴን ታሪፍ ላስከፍለው ይገባኝ እንደሆነ ብጠይቀው፣ እሱን ከአለቆቹ ጋር ተነጋግሮ እንደሚያሳውቀኝ ቃል ገብቶልኛል። ቃሉን እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያው ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ለትልቁ ዳቦ ቤት ከእንግዲህ ሁለት ከረጢት እንደሚጎድል ነገርኩት፤ እሱም በአንድ ምልልስ ካልሞላ አልፈልግም አለኝ፤ ደህና ሁን ተባብለን ተለያየን። ባለቤቴን ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ነገር አሰናድቼ ነበር፤ ወሬ የማያልቅብኝ ሴት ፊቱ ስቆም "ወንበሩ ሊመለስ ነው" ብቻ አልኩት። "ዱቄቱ ምን አጠፋ?" አለኝ። ዱቄቱ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ብሎኖቹን ያኖረበትን ቆርቆሮ ፍለጋ ገባ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወንበሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እኔም ከነገ ጀምሮ በመሥሪያ ቤትዎ የፍተሻ ኬላ ፊት ለፊት፣ ከተፈቀደልኝ ጭነት ብዙ አጉድዬ፣ አንድ ሕገ ወጥ ሰው አሳፍሬ አልፋለሁ። ፈታሾችዎ እንዳይቸገሩ ምልክቱን ልንገርዎ፦ ኮፍያ የደፋ ነው፣ ይነጫነጫል፣ እኔ ፍሬን ሳልይዝ እሱ በእግሩ ቀድሞ ይዟል። ቅጣቱን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከዚህ ቀደም በሕግ ካደረግሁት የሚብስ አይሆንም።

ለተደረገልኝ ሁሉ ውለታ መላሽ ያድርገኝ እያልኩ፣ እርስዎም ዕድሜ ተጭኖዎት ዓይንዎ ሲደክም ከጎኑ የሚያስቀምጥዎ ሰው እንዳያጡ፣ ሰውየውም የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዳያጣ ከልቤ እመኛለሁ።

በመዝገባችሁ የከበድኩ፣ በባለቤቴ ፊት የቀለልኩ፣
ታዛዥዎ የዱቄት አመላላሿ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አቤቱታ በቃል ላቀርብልዎ በመጣሁ ቁጥር የክቡርነትዎ ወንበር ባዶውን ነበር። በመሥሪያ ቤትዎ ስሌት፣ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ቢነቀል የቤቱ የመሸከም አቅም ይጨምራል። መካኒኩ ነገ የእኔን ሲጨርስ ሥራ ስለሌለው፣ ካዘዙኝ መፍቻውን አስይዤ ወደዚያው እልክልዎታለሁ።