የሌለኝ መኪና ኢንሹራንስ

ጥቅምት 9 ቀን 1979፣ እሑድ ጠዋት

የጎረቤቴ የጋሼ ወርቁ መኪና፣ ዳትሰኗ፣ ዛሬም «ታማለች»። የምትቆመው ደጃፋችን ፊት ለፊት ነው። ጎሕ ሲቀድ ጭጋጉ ውስጥ ስትነሳ ሰምቻታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን አድርሳቸው ተመልሳለች። ለእኔ ሲሆን ግን ባትሪዋ ይደክማል።

አልቀየማቸውም፣ ደብተሬ። አምና መኪናዋን የተዋሰ አንድ ሰው የሰው አጥር ጥሶባቸው የኢንሹራንስ ክፍያቸው ሰማይ ወጣ። አላውስም እንዳይሉ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ መኪናዋን ያሳምማሉ።

የጨነቀኝ የአስቴር ነገር ነው። ሳን ሆዜ ያለችው እህቴ ወሯ ገብቷል። ባሏ ፍሪሞንት አጠገብ፣ ኒውአርክ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ያለቻቸውን አንድ መኪና ይዞ ይሄዳል፣ ሥራ ላይ ሳለ በስልክ አይገኝም። የመጀመሪያ ልጇን ሳባን ገዳሪፍ፣ ስደት ላይ፣ ብቻዋን ነው የወለደቻት። ይሄኛውን ብቻዬን አልወልድም ብላ አስምላኛለች። ከዚህ ከኦክላንድ ባርት የሚሉት ባቡር ፍሪሞንት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ አውቶቡስ። ምጥ አውቶቡስ አይጠብቅም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ ማታ

ሥራ። ኦክላንድ መሐል፣ ምድር ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ማቆም። የሰው ወንበር፣ የሰው ሽቶ፣ የሰው ሬዲዮ። አንዳንዴ መሪውን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ጣሪያው ይከፈትልኛል፤ በባሕሩ ዳር ዳር እነዳለሁ። ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉብኝ።

አለቃዬ መኪና ለሌለውና ለሚዋስ ሰው የሚሆን ኢንሹራንስ አለ አለኝ። ለአስቴር ደወልኩላት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀችብኝ።

በምሳ ሰዓት ኢንሹራንስ ቢሮው ሄድኩ። ሴትዮዋ ደግ ናት። የምትዋሰው የማንን ነው አለች። የጎረቤቴን ልል አፌ እምቢ አለ። እንደ አባቴ ናቸው፣ አንድ ቤት ነን አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የአንድ ቤት ሰዎች ከሆናችሁ ይሄ አይሆንህም፣ የሌላ ቤት መኪና ለሚዋስ ነው አለች። ጨዋነቴ ጉድ ሠራኝ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ተመለስኩ። የኪራይ ውሌን አሳየኋት፤ የእኔ በር ሌላ፣ የሳቸው ሌላ። ዝምድና የለንም፣ ባዳ ናቸው አልኩ። ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሰው ላይ ጉዳት ባደርስ በመጀመሪያ የባለመኪናው ኢንሹራንስ ይከፍላል፤ ካልበቃ የእኔ ይሞላል። የተዋስኩትን መኪና ራሱን ግን አይጠግንም።

ከተማው መሐል ያለው ሐይቅ ዳር ተቀመጥኩ። ኢንሹራንስ አለኝ፣ መኪና የለኝም። አንድ ነጭ ደመና ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይሄዳል። የሰማይዋ ላም እሷ ትሆናለች። ሥራ ረፈደብኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳትሰኗን እንደማይጠግን። እሳቸውንም ባዳ እንዳልኳቸው። ይሄን እንኳ ብተወው ይሻል ነበር፤ ግን መደበቅ አልቻልኩም።

ወረቀቱን ገለባብጠው አዩት። ባዳ አልከኝ? አሉ። መኪናዋ ገና አልተሻላትም ብለው በሩን በቀስታ ዘጉት። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። እንቅልፍ የለም። አስቴር በጨለማ መስኮት ላይ ቆማ ትታየኛለች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሆስፒታል

ሌሊት አልጋ ላይ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። አስቴር። ጀመረኝ አለች። ባዶ እግሬን ወጣሁ። የጋሼን በር ሳልነካው ተከፈተ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረጉት።

«ድናለች። ስታርት አድርጋት» አሉ። መቼ እንደዳነች አልጠየቅኳቸውም። ራሳቸው ከጎኔ ገቡ።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። መንገዱ ባዶ ነበር። ዩኒየን ሲቲ በግራችን ተኝታ አለፈች። ኒውአርክ ስንደርስ ጨው የሚያመርቱባቸው ኩሬዎች በጭጋጉ ውስጥ ነጭ ሆነው ተዘርግተዋል፤ በላያቸው የምንሄድ መሰለኝ። ጋሼ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። ሳን ሆዜ ስንደርስ አስቴር ሳባን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

እዚህ ስንደርስ ነርሷ ወንዶቹ ምኗ ናችሁ አለች። ጋሼ ቀደሙኝ። አባቷ ነኝ አሉ፤ ይሄም ልጄ ነው፣ አንድ ቤት ነን። ነርሷ ጻፈችው። ዓይኔን እንባ ሞላው።

አሁን ኮሪደር ላይ ነን። ሳባ ጋሼ ጭን ላይ፣ ጋቢው ውስጥ ተኝታለች። እኔን አያዩኝም፤ ቁልፉን ልመልስላቸው ስል ግን እጄን ገፉት። ከበሩ ወዲያ የአስቴር ድምፅ ይሰማኛል። አሁን ዝም አለች። ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን። በሩ ተከፈተ፣ ነርሷ ወደ ጋሼ ዞራ «አባቷ፣ ይግቡ» አለች።