ቆሜ የሰፋሁት ቀሚስ

እህት ዓለሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከመቀመጥ በስተቀር ደህና ነኝ።

ለልጅሽ ሠርግ ልትለብሺው ያዘዝሽኝን ቀሚስ ቆሜ እየሰፋሁልሽ ነው። ማህፀኔ መውረድ የጀመረ ጊዜ «የወለደች ሁሉ ያለባት ነው፤ በጨርቅ ደግፈሽ ቻይው፣ ለሰው እንዳታወሪ» ብለሽኝ አልነበር? ቻልኩት። ዘንድሮ እዚያው ላይ ቁስል ወጣብኝ። ሐኪሟ ከቁስሉ ቆንጥራ ለምርመራ ላከች፤ «እንዲህ ያለ ብዙም አላጋጠመኝም» አለችና ውጤቱን ከዘመድ ጋር መጥቼ እንድሰማ ነገረችኝ።

ትናንት ሙሽራዋ ልጅሽ ደወለችልኝ። ሕመሜን ብነግራት፣ የማውቅ መስሏት «እማዬም እኮ እንደዚሁ ወርዶባት፣ ያኔውኑ ታክማ ዳነች» አለችኝ። «አዎ፣ ነግራኛለች» አልኳት።

ቀሚሱ ለሠርጉ ይደርሳል። ወገቡን ላላ አድርጌዋለሁ፤ እንደልብሽ ትቀመጪበታለሽ።

ሙሽራዋን ሳሚልኝ፤ ደህና ሁኚ። ውጤቱን የምሰማው ከጎረቤቴ ጋር ነው።

ታናሽሽ