ያልነቃው ማሽላ

ሐረር፣ ነሐሴ ፲፱ ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ክረምቱ ጠናብዎ ወይስ ዘንድሮ ራራልዎ? እኔ ለአካሌ ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ተቃጥሏል፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ዝናብ ቢያገኘው ዛላው ላይ እንዳለ የማይበቅል ማሽላ እያወጣን ነው ብዬዎት ነበር። ሚያዝያ ላይ በመስኖ የደረሰውን አጨድን። በፍሬው ውስጥ ሁለት ሆርሞኖች አሉ፤ አንደኛው አስተኝቶ ያቆየዋል፣ ሁለተኛው ቀስቅሶ ያበቅለዋል። የትኛው እስከ መቼ እንደሚበረታ የሚወስነው ከዘሩ የወረሰው ጂን ነው። በእኛ ማሽላ የሚበረታው አስተኚው ነው። መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ ባኖር ዘጠኙ ብቻ በቀሉ። ሦስት ወር ሳያርፍ ለገበሬ እንዳይሰጥ ብዬ ጻፍኩ።

ሳሙኤል አልሰማኝም። ያ ለገና አብሮኝ መጥቶ በጉን ያረደልዎ ሳሙኤል፣ የምርምር ክፍላችን ኃላፊ ነው። ዝናቡ አንቺን አይጠብቅም፣ ማሳ የሚያዩ እንግዶችም ይመጣሉ አለኝና ግንቦት ላይ አደለው።

ከወሰዱት አንዷ ዘይነባ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከኤረር በር ወጣ ብላ እያረሰች፣ ጊደር መጋላ ገበያ እህል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። እኔን ተማምና የራሷን ዘር ትታ መሬቷን በሙሉ በእኛው ዘራችው። ሃያ ቀን ጠበቀች፤ ምንም የለም። አንድ ጠዋት ቢሮ መጥታ በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ከአፈር የለቀመችው ፍሬ ነው፤ አልበሰበሰም፣ አልበቀለምም። «ልጄ፣ ሞቶ እንደሆነ ንገሪኝና ልረፍ» አለችኝ። ተኝቶ ነው ብላት፣ «ወላሂ፣ ልጆቼ ግን ነቅተዋል» አለች።

ሳሙኤል ያልበቀለው ገበሬዋ አጥልቃ ስለቀበረችው ነው ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ፈርሚ አለኝ። አባቴ፣ ፈረምኩ።

ሐምሌ ማብቂያ ላይ ማሽላው በቀለ። ማሳው በሙሉ አረንጓዴ ለበሰ፤ ለመድረስ ግን ጊዜው አልፎበታል። ዘይነባ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም በማግስቱ የሙከራዬን ውጤት ከነቀኑ አያይዤ፣ የፈረምኩት ሐሰት ነው ብዬ ለበላይ አስገባሁ። ጉዳዩ እስኪጣራ ብለው ከቤተ ሙከራው አውጥተው መዝገብ ቤት አስቀምጠውኛል። ሳሙኤል ጀጎል ውስጥ ጠብቆ፣ ሁለታችንንም አጠፋሽን አለኝ። የጠፋችውስ ዘይነባ ናት አልኩት። ስሟን እንኳ አላስታወሰም።

ያለፈው ቅዳሜ ከዘይነባ ጋር ማሽላውን ገልብጠን ስኳር ድንች ተከልንበት። ከያዘላት ለልጆቿ ይደርሳል። መዳፌ ተልጧል፤ ጽሕፈቴ የከፋው ለዚያ ነው።

ጥር ላይ ሊመጡ የቀጠሩት ሽማግሌዎች በከንቱ እንዳይደክሙ ይንገሩልኝ። ምክንያቱን ቢጠይቁዎ፣ የላካቸው ሳሙኤል ያውቀዋል ይበሏቸው።

እርሻዎን ዝናቡ በልኩ ያግኘው፤ ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። በምርቃትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ