የሰረጎደው ግድግዳ

ወንድምዓለም፣ ፖስት ካርዱ ላይ በምታያት ፀሐይ እንዳትሸወድ፤ የዚህ አገር ክረምት ሰባት ወር ሞላው። እኛ ጋ እጄን ሳልታጠብ የሚደርቀው ልስኔ እዚህ በወሩም ጣት ሲነካው ይሰረጉዳል። ሰኞ ዕለት ቀለም ቀቢው ባልደረባዬ መጠበቅ ሰለቸውና «ዛሬ እኔ አደርቅልሃለሁ» ብሎ ክፍሉ ውስጥ ከሰል አያያዘ። ሙቀቱ እንዳይባክን በርና መስኮቱን ዘጋግቶ፣ እሱም ሊሞቅ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ለምሳ ልንጠራው በሩን ስንከፍት የከሰሉ ጭስ ገድሎት አገኘነው። ስንቀብረውም ይዘንብ ነበር።

ግድግዳው አሁን ደርቋል፤ የእሱ ጀርባ ያረፈበት ቦታ ግን እንደሰረጎደ ነው። አለቃችን «ሙላውና ጨርስልኝ» ይለኛል፤ እኔ የምለስንበትን ካዙላ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ካርዱ ላይ ቦታ ጠበበኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማዬ ደህና ነው፣ ደረቅ ቤት ነው የሚያድረው በልልኝ።