ያላሳወቅናቸው ቅዳሜዎች

ውድ ጓዴ ነዳጅ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። የራሴን ልንገርህ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ጨጓራዬ አንተ እንደተውከው ነው። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ቢሯችን አሁንም ከጎማ ጠጋኙ በላይ ናት። ያቺ የአየር መሙያ ማሽን ከታች ማፏጨት ስትጀምር፣ "አስሟ ተነሳባት፣ ሐኪም ጥሩላት" የምትለው ድምፅህ አብሮ ይመጣል። ቀና እላለሁ፤ ወንበርህ ባዶ ነው። ጸሐፊዋ አንድ ሰሞን ፋይል ከምራበት ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። አነሳችው።

የምጽፍልህ ሳላማክርህ አንድ ነገር ስላደረግኩ ነው። በሠላሳ ዓመት ጓደኝነታችን ሳላማክርህ ያደረግኩት ትልቅ ነገር ማግባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም አንተ እንዳልከው ሆነ። አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። የቅዳሜና የእሁዱን ገቢ ለግብር ቢሮ አሳወቅኩ። የአራቱን ዓመት፣ አንድም ሳላስቀር።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ግን ሁለታችንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ብለን ተናግረነው አናውቅምና ልናገረው።

ከመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛችን ሁለት መኪኖች ነጯ ሞተሯ ነክሶ ቀጥ ያለች ዕለት፣ መካኒኩ የጠራውን ዋጋ ሰምተን ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብለን ቀረን። መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ። "የእኔ አሮጊት ቆማ የለም እንዴ? ቅዳሜና እሁድ በእሷ እናስተምር፤ መካኒኩን እስክንከፍል ብቻ" አልክ። በማግስቱ በጋቢናዋ በኩል የአስተማሪ ፍሬን አስገጠምንላት። የግል መኪናህ ስለሆነች በማሰልጠኛው ስም አልተመዘገበችም። ተማሪዎቹም መዝገብ ውስጥ አልገቡም። የሚከፍሉትን በእጅህ ይሰጡሃል፣ እሁድ ሲመሻሽ ለሁለት እንካፈለዋለን፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ለሁለት ወር ነበር ያልነው። የመካኒኩ ዕዳ አለቀ፤ ቅዳሜዎቹ ግን ቀጠሉ።

ተማሪዎቹ እኔን ፍሬን፣ አንተን ነዳጅ ያሉን በከንቱ አይደለም። እኔ ድመቷ መንገድ ለመሻገር ገና ሳታስብ እረግጣለሁ። አንተ ደግሞ "ነዳጅ ስጪው! ስጪው! መኪና እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም!" እያልክ መስኮቱን ታንቀጠቅጠዋለህ። ስለዚህ ይህን የግብር ነገር የሰማ ሁሉ ያጠፋው ነዳጅ፣ ሊከለክል የሞከረው ፍሬን ነው ብሎ ያስባል። እንዳልሆነ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የግብር ቅጹን በየዓመቱ የምንሞላው ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ተማሪ የማይበዛበት ቀን ስለሆነ። አንተ ብርቱካን እየላጥክ ቁጥሩን ታነብልኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ ሰውን ያምናል። ገቢህን ራስህ ትናገራለህ፣ ግብሩንም ራስህ አስልተህ ታቀርባለህ። መጨረሻ ገጽ ላይ "ካለፉት ዓመታት ሳይከፈል የቀረ ግብር ካለ ይግለጹ" የሚል ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ አጠር ያለች ሰረዝ አሰምራለሁ። የለም ማለት ናት።

በመጨረሻው ማክሰኞ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው።

"ፍሬን፣ ዘንድሮ ይቺን ሰረዝ አታስምራት።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ያለውን። አራቱን ዓመት።"

"ጤና የለህም እንዴ? ማን ጠየቀን?"

"ማንም አልጠየቀንም። እሱ እኮ ነው የከበደኝ።"

እኔ ምን አልኩህ? ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ነገር አትቆስቁስ፤ ከርሞ እናየዋለን" አልኩህ። ቀና ብዬም አላየሁህም። ሰረዟን አሰመርኩ። አንተ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ሰጠኸኝ። እኔም ተቀብዬ በላሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ልብህ ቆመ። ጋቢና ተቀምጠህ፣ ከተማሪ ጎን። ልጅቷ ገና ስድስተኛ ትምህርቷ ነበር። ፍሬቻ አሳይታ፣ ስፖኪዮ አይታ፣ ቀስ ብላ ዳር ከያዘች በኋላ ነው የጮኸችው። ይሄን ሳልነግርህ እንዳልሞት እፈልግ ነበር። እንዳስተማርካት ነው ያደረገችው።

ግብሩ ገደለህ አልልም፤ ሐኪሙ ሕመሙ ከድሮ የነበረ ነው ብሏል። አምና ቅጹን ብቻዬን ስሞላ ያችን ሰረዝ ደግሜ አሰምሬያታለሁ። ልዋሽህ አልፈልግም። "አሁን እሱም የለ፣ ቅዳሜዎቹም የሉ፤ አለቀ" ነበር ያልኩት ለራሴ።

ዘንድሮ ግን አንድ ታክሲ ነጂ መጣ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊቀጠር ነው፤ የት እንደሠለጠነ ማስረጃ አምጣ ብለውታል። መዝገቡን አገላበጥኩ። ስሙ የለም።

"በየትኛው ቀን ነበር የምትማረው?" አልኩት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ። ከዚያ ከሚጮኸው ሰውዬ ጋር።"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። መዝገቡን ዘጋሁ። "መዝገብ ላይ የለህም" አልኩት።

ሰውየው አልተቆጣም። ግራ ገብቶት ቆመ። "ታዲያ እኔን ማን አስተማረኝ፣ ጋሼ?" አለኝ።

ያስተማርከው አንተ ነህ፣ ነዳጅ። ያስተማርካቸው ሰዎች በዚህ ከተማ ሥጋ ያመላልሳሉ፣ በሽተኛ ያደርሳሉ፣ ሙሽራ ይወስዳሉ፤ በእኛ ወረቀት ግን አንተ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የትም አልነበርክም። እስከዚያ ቀን ድረስ የደበቅነው ገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውየውን ሳምንት እንዲመለስ ነግሬው ኮቴን አነሳሁና ወደ ቤትህ ሄድኩ።

ባለቤትህ ሳሎኑን የመጋረጃ መስፊያ አድርጋዋለች። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ነው፤ መቀመጫ ለማግኘት ሰማያዊውን ወደ ቢጫው ማዛወር ነበረብኝ። የቅዳሜ ተማሪዎችህን ትጽፍባቸው የነበሩትን የኪስ ማስታወሻዎችህን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት፤ ያለ እነሱ ስንት ተማሪ እንደነበረ ማወቅ አልችልም። ለምን እንደፈለግኳቸው ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች።

"ያን ማክሰኞ 'ዛሬ ለፍሬን ልነግረው ነው' ብሎኝ ነው የወጣው" አለች። "ሲመለስ ምን አለህ ብለው፣ 'ከርሞ አለኝ' አለ።"

"እንዲሁ ብቻ?"

"'ልሂድ ብል እሄዳለሁ፤ ግን እሱ ይፈራል፣ ብቻውን አልተወውም' አለ። በዚያው እራት በላ።"

ሰማያዊውን ጨርቅ እጄ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩት። ይሻላል ብዬ ያሰብኩትን አልኩ፤ "ዕዳውን እኔ እችለዋለሁ። ነጯን መኪና እሸጣለሁ፤ አንቺን የሚነካሽ ነገር አይኖርም።"

"የሱን ግማሽስ?"

"እሱንም።"

"በምን መብትህ?" አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። "የጥርስ ብሩሹን እንኳ አልጣልኩም እኔ። ጫማው በር ላይ ነው። አሁን ደግሞ ጥፋቱን ልትወስድብኝ ነው? ጥፋቱም ቢሆን የሱ የሆነውን ተውልኝ።"

ከዚያ ብድግ ብላ ማስታወሻዎቹን አመጣችልኝ፤ አራቱን በላስቲክ አስራ። በር ላይ ስንሰነባበት "ያኔ ብትሰማው ኖሮ ደስ ይለው ነበር" አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም። በቁጣ ብትለው ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ቢሮ ተቀምጬ አነበብኩህ። ሥራዬ መደመር ነበር፤ እጄ ግን እርሳሱን እየጣለ ያነብ ነበር። አንድም ሰው በስሙ አልጻፍክም። "ሦስት ሰዓት፦ መሪ አናቂው።" "አራት ሰዓት፦ የጥርስ ሐኪሟ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ በሽተኞቿን አዘንኩላቸው።" "ባለ ቀይ ጫማው ዛሬ የኋላ ማርሽ ገባለት! ከፍሏል።" "የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ግማሽ ከፍሏል። ሚስቱ ወልዳለች፤ ቀሪውን አልጠይቀውም።" ይሄን ይዘህ እሁድ ስንካፈል ለእኔ ግን ድርሻዬን ሙሉውን ነበር የምትሰጠኝ፤ አሁን ነው ያወቅኩት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ "ፍሬን ጉንፋን ይዞታል። ተማሪዎቹን ወሰድኩለት። ሾርባ ልውሰድለት" ይላል። ሾርባው ትዝ ይለኛል፤ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ተሳድቤያለሁ።

ግብር ቢሮ የሄድኩት በማለዳ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወጣት ናት፤ ገና ስቀመጥ "አባባ" አለችኝ። አባባ! ብትሰማ ሳምንት ትስቅብኝ ነበር።

"ማስጠንቀቂያ ደርሶዎት ነው፣ አባባ?"

"የለም።"

"ምርመራ ተጀምሮብዎታል?"

"እሱም የለም።"

"ታዲያ ምን ገፋፋዎት?"

"ጓደኛዬ አስቦት ነበር" አልኳት።

"እሳቸውስ ለምን አልመጡም?"

"ሞቷል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ነፍስ ይማር" አለችና ቅጹን ተቀበለችኝ። አራቱን ዓመት በአንድ መስመር ደምሬ ነበር የጻፍኩት፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይሁን ብላ አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። "በወቅቱ ያልተገለጸበት ምክንያት" ለሚለው ደግሞ ሦስት ገጽ ጽፌ አያይዤ ነበር። ሁለት ገጽ ድረስ አነበበች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። እሷ ግን አልቸኮለችም። ከዚያ ወረቀቶቹን አጣጥፋ በመስኮቱ ሥር መለሰችልኝ።

"አባባ፣ ይሄ ለእኛ የተጻፈ አይመስለኝም። ለእኛ ሦስት መስመር ይበቃናል።"

ሦስት መስመር ጻፍኩ። "ፈርቼ ነው። ገቢው የሁለታችን ነበር። ጓደኛዬ እንድናሳውቅ ጠይቆኝ፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ።" አነበበችው፣ ማኅተም አደረገችበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእነሱ ያልሆነው ሦስት ገጽ አሁን ለአንተ እየሆነ ነው።

ሳንጠየቅ በመምጣታችን ቅጣቱ ቀለለልን፤ ወለዱ ግን አልቀረልንም። በአሥራ ስምንት ወር ተከፍሎ ያልቃል። ነጯ ተሸጣለች፤ አሁን አንዲት መኪና ነው ያለችን፣ ተማሪም እየጠበቀ ይማራል። ባለቤትህ ድርሻህን በየወሩ ራሷ ሄዳ ትከፍላለች፤ አብሬሽ ልሂድ ብላት አትፈቅድም። የከፈለችበትን ወረቀት መልሼ የሰጠኋት ማስታወሻዎችህ ካሉበት መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ታክሲ ነጂውም ማስረጃውን ወሰደ፤ አስተማሪ በሚለው ቦታ ላይ የአንተን ሙሉ ስም ጻፍኩለት። ጮክ ብሎ አነበበውና፣ "እንዲህ ነበር ለካ የሚባሉት?" አለ።

ሰዎች "እፎይ አልክ አይደል?" ይሉኛል። አዎ፣ ብያለሁ። ግን እፎይታው እንዳሰብኩት አልሆነም። ከግብር ቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ቆምኩና ዞር አልኩ፤ ወደ ግራ፣ አንተ ሁልጊዜ ወደምትሄድበት ጎን። የምነግረው ሰው ፈልጌ ነው።

ያን ማክሰኞ "እሺ" ብዬህ ቢሆን አብረን ነበር የምንሄደው። ሰልፉ ላይ ከፊታችን ካለው ሰው ጋር ትዋወቅ ነበር። የመስኮቷን ልጅ ታስቃታለህ፣ እኔ አፍራለሁ፣ ጎንህን በክርኔ እነካሃለሁ። መንጃ ፈቃድ እንደሌላት ትደርስበትና እዚያው በመስኮቱ ቀጠሮ ትሰጣታለህ፤ በደረሰኝ። ስንወጣ ሁለታችንም ኪሳችን ባዶ ሆኖ፣ ሻይ የሚከፍለው ማነው ብለን መንገድ ላይ እንጨቃጨቃለን። ባለቤትህ "ምን አሏችሁ?" ብላ በር ላይ ትጠብቀናለች። ቅጣቱ ያው፣ ወለዱ ያው ነበር። የቀረብኝ ያ ቀን ነው፣ ነዳጅ፤ እሱን የሚመልስልኝ ቅጽ የለም። ይቅር በለኝ።

ሁልጊዜ የሚናፍቅህ፣
ጓደኛህ ፍሬን